ኖርደን ወይስ ሉተትስቡርግ? ቤት ከመፈረም በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ጀርመን፣ ኦስትፍሪስላንድ ልንገባ ነው። ኖርደን ከተማ ይሻላል ወይስ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ሉተትስቡርግ? መኪና የለንም።

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሁለቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም አስተዳደራቸው ለየብቻ ነው። ሉተትስቡርግ በጎረቤቱ በሃገ ማዘጋጃ ቤት ሥር ስለሆነ እዚያ ከተከራያችሁ አንሜልዱንግ (የአድራሻ ምዝገባ) የምታደርጉት ሃገ ነው፤ ኖርደን ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ጊዜው ቤት ከገባችሁ በኋላ 2 ሳምንት ነው። ፓስፖርትና አከራዩ የፈረመበት የመግቢያ ማረጋገጫ ያዙ፤ የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ አካባቢው የባሕር ዳርቻ ስለሆነ ለእረፍተኞች የሚከራይ ቤት ይበዛል፣ አንዳንዱ አከራይ እረፍተኛ በሌለበት በብርዱ ወራት ብቻ ሰጥቶ ማረጋገጫውን አልፈርምም ይላል። ሳይፈርም ገንዘብ አትስጡ። መያዣውም ቢበዛ የ3 ወር ካልትሚተ (ማሞቂያና ሌላ ወጪ ሳይጨመር ያለው ኪራይ) ነው፤ በ3 ወር ከፋፍሎ መክፈል ሕጋዊ መብታችሁ ነው።

ሌላ መልስ፦ መኪና ከሌላችሁ ኖርደን ይሻላችኋል። ከኖርደን በኤምደን፣ ሌርና ብሬመን አድርጎ ሃኖቨር የሚደርስ ባቡር አለ። ካርታው ላይ ከኖርደን ወደ ዶርኑም የሚሄድ ሐዲድ ታያላችሁ፤ አትሸወዱ፣ የሙዚየም ባቡር መስመር ነው፣ ለሥራ መመላለሻ አይሆንም። የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው የአውሪሽ ወረዳ ነው፤ አውሪሽ ደግሞ የመንገደኛ ባቡር ስለሌላት በአውቶቡስ ነው የምትሄዱት፣ ቀጠሮ ስትይዙ ይህን አስቡ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ የሚሠራው 6 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና አለ፣ የጽሑፉ በአማርኛ አይሰጥም። ቶሎ ጀምሩ።

መልስ፦ ሉተትስቡርግ ግን ውበቱ ሌላ ነው። ቤተ መንግሥቱ በውኃ የተከበበ ነው፤ በ1893 እና በ1956 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። የክኒፕሃውዘን ቤተሰብ መኖሪያ ስለሆነ ሕንጻው ውስጥ አይገባም፤ ከ1790 ጀምሮ የተተከለው ፓርክ ግን ለጎብኚ ክፍት ነው። ጸደይ ላይ ሮዶደንድሮኑ ሲያብብ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ፦ ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋትም ማታም ሰላምታው «ሞይን» ነው። ሻይ ከጠሯችሁ አትቅሩ፣ የኛን ቡና የሚያህል ክብር አለው። መጀመሪያ ክሉንትየ የሚሉት ድንጋይ ስኳር ስኒው ውስጥ ይገባል፤ ትኩሱ ሻይ ሲፈስበት ጠሽ ጠሽ ይላል። ክሬሙ በማንኪያ በስኒው ጠርዝ በኩል ቀስ ተብሎ ይጨመርና እንደ ደመና ይነሣል። አይማሰልም! መጀመሪያ ክሬሙ፣ ቀጥሎ ምሬቱ፣ መጨረሻ ጣፋጩ እንዲመጣ ነው። ወጉ እንደ አቦል፣ ቶና፣ በረካ 3 ስኒ ነው፤ ከዚያ በፊት መነሣት ያስቀይማል። ሲበቃችሁ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ አስቀምጡ፤ ካላስቀመጣችሁ መቅዳታቸውን አያቆሙም።