ክርክር፦ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ የቀነሰው ለበጀት ነው ለፖለቲካ?

የግሩፑ አስተባባሪ፦ ጃንዋሪ 28፣ 2025 ከትራምፕ አስተዳደር ለፌዴራል ሠራተኞች ኢሜይል መጣ። በፈቃዳችሁ ልቀቁ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ደመወዝ እንከፍላለን የሚል። በጥቂት ሳምንት 75 ሺህ ያህል ሰው እሺ አለ። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ደግሞ ኮንግረስ በጀት ላይ ባለመስማማቱ መንግሥት 43 ቀን ተዘጋ። ዲሲ ዙሪያ ያለን ሐበሾችን በአንድም በሌላም ነክቶናል። ቅነሳው ተገቢ ነው? ስድብ የለም፣ አደራ።

የአሌክሳንድሪያው፦ እኔ እደግፋለሁ። የአገሪቱ ዕዳ ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ታክሲ ስነዳ ኡበር መጥቶ ገበያዬን ሲወስደው «እስከ ሴፕቴምበር እንከፍልሃለን» ያለኝ የለም። ደግሞ ክሊንተንም ቀንሷል። ዴሞክራት ሲቀንስ ማሻሻያ፣ ሪፐብሊካን ሲቀንስ ግፍ፤ ይሄ አያስኬድም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ክሊንተንን ማንሳትህ ጥሩ ነው። የ1994ቱ ቅነሳ በኮንግረስ ሕግ ወጥቶለታል። ለሚለቅ እስከ 25 ሺህ ዶላር ተሰጥቷል፣ ዓመታትም ወስዷል። የ2025ቱስ? የኒውክሌር መሣሪያ ክምችቱን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አባረው፣ በማግስቱ ተመለሱ እያሉ ሲፈልጓቸው ነበር። የመጀመሪያ ተባራሪዎች የሙከራ ጊዜ ላይ ያሉት ነበሩ። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ ለማባረር ስለሚቀሉ ነው። የሲቪል ሠራተኛው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም እኮ ከፌዴራሉ ወጪ ከመቶ አምስት ገደማ ነው! ብሩ ያለው ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ ክፍያው)፣ ሜዲኬር (የአዛውንቶች የጤና መድን)፣ መከላከያና የዕዳ ወለድ ላይ ነው። እሱን የሚነካ ወንድ የታለ?

የአትላንታው፦ ዲሲ ዲሲ አትበሉ። ከፌዴራል ሠራተኛው አብዛኛው ከዲሲ ውጭ ነው። እዚህ የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት፣ ሲዲሲ፣ ተመትቷል።

የማታ ሺፍቷ፦ እኔ የመንግሥት ሕንፃ ነው የማጸዳው፣ በኮንትራክተር በኩል። የተዘጋ ጊዜ ሱፐርቫይዘሩ «እስኪከፈት አትምጪ» ብሎ ቴክስት ላከ። በቃ። የመንግሥት ተቀጣሪው በ2019 በወጣው ሕግ ውዝፉ ይከፈለዋል። ባዶ ያደረግሁለት ቅርጫት የእሱ፣ ያጣሁት ደመወዝ የእኔ። የኮንግረስ አባላት ደግሞ ሲዘጋም ደመወዛቸው አይቋረጥም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላም አለ። ድሮ እዚህ አገር ያሸነፈ ፓርቲ ወንበሩን ሁሉ ለደጋፊው ያድል ነበር። በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የተኮሰባቸው ሹመት ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። ሥራ በፈተናና በችሎታ ይሁን የሚለው ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1883 ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያለን ሰዎች ወዴት እንደሚያመራ እናውቀዋለን። የፓርቲ መታወቂያ ሥራ ሲያስገኝ ያየነው አገር ቤት ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦ ታዲያ ሕዝብ የመረጠው ፕሬዚዳንት ትእዛዙ መሳቢያ ውስጥ ይቅር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አራት ሺህ ያህል ሹመኛ ይዞ ይገባል፣ አይበቃውም? በ2025 ደግሞ 50 ሺህ ያህል ቋሚ ሠራተኛ በቀላሉ ወደሚባረርበት መደብ እናዛውር አሉ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ውስጥ 50 ሺህ ከመቶ ሁለት ነው፣ አታስፈራሪን። ለኮንትራክተር ሠራተኛም ውዝፍ ይከፈል የሚል ፊርማ የምታሰባስቡ ከሆነ ግን የእኔን ስም አስቀድሙ።