ከድንኳን ወደ ግንብ፦ ከጎንደር የሚነሱ የአንድ ቀን ጉዞዎች የጋራ ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ጉባኤ በተስማማነው መሠረት ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የምናቀርበውን የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። የተነሣንበትን ችግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዳው ከአዲስ አበባ በጧቱ በረራ መጥቶ አዘዞ ያርፋል፤ ከቀትር በፊት ፋሲል ግቢን፣ ከቀትር በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና የፋሲል መዋኛን ተመልክቶ ያድራል፤ በማግሥቱ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ደባርቅ ያልፋል። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከቆረቆሯት ጀምሮ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የነገሥታት መናገሻ የነበረችን ከተማ በአንድ ቀን አሳይተን እንሸኛለን ማለት ነው። በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የእንግዳው ቁጥር ካሽቆለቆለ ወዲህ ደግሞ ያቺ አንዲት ቀንም ብርቅ ሆናለች። ስለዚህ የሚመጣውን ጥቂት እንግዳ ተጨማሪ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማቆየት የሚያስችል ዕቅድ ያስፈልገናል።

በረቂቁ አራት ጉዞዎች ተይዘዋል። የመጀመሪያው ግማሽ ቀን የሚወስደው የወለቃና የኮሶዬ ጉዞ ነው። ሁለተኛው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ የሚመለስ የሙሉ ቀን ጉዞ፣ ሦስተኛው ወደ ጎርጎራ፣ አራተኛው በባሕር ዳር መንገድ ወደ ጉዛራ የሚደረግ ጉዞ ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ ያላችሁን አስተያየት፣ በተለይም መቅረት አለበት የምትሉትን፣ በግልጽ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

ከሹፌሮች ተወካይ፦

እኅታችን ጸሐፊ ስለ ድካምሽ እናመሰግናለን። ሁለተኛው ጉዞ ግን ከረቂቁ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ እንደተደረሰ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብ፣ የመግቢያ ክፍያ መክፈልና ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) መያዝ አለ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሳንቃበር የሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ይጀምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለማድረግ ሹፌሩ ከጧቱ 11 ሰዓት መነሣት፣ እንግዳውም መኪና ውስጥ ማንቀላፋት ይኖርበታል።

ይህን የምናገረው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የጉዞ ወኪል «በአንድ ቀን ዋልያ ታያላችሁ» ብሎ የሸጣቸውን አራት እንግዶች ይዤ ወጣሁ። ጭጋጉ ገደሉን ሸፍኖት ነበር፤ ጭላዳዎቹን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከማየት በቀር ዋልያ የሚባል ነገር አላጋጠመንም፤ ከዳባት ወዲህ ደግሞ ጨለመብን። እንግዶቹ በእኔ ላይ አልተቆጡም፣ ነገር ግን በማግሥቱ ይዘውት የነበረውን የከተማ ጉብኝት ሰርዘው ተኙ። አንድ ቀን ልንጨምር ብለን አንድ ቀን አጣን ማለት ነው።

ሰሜን ተራሮች ቢያንስ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ እሱን ለደባርቅ ወንድሞቻችን እንተውላቸው። ገደልና ጭላዳ ማየት ለሚፈልግ እንግዳ ኮሶዬ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛል፤ ጧት 1 ሰዓት ተነሥቶ ለምሳ ከተማ መመለስ ይቻላል።

ከሆቴል ባለንብረቶች ተወካይ፦

በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ። ከእኛ በኩል የማነሣው አጭር ነው፦ የጾም ቀናት በዕቅዱ ይታሰቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ቤተ ክርስቲያን ከምሳ በኋላ ለማሳየት የያዝነው ፕሮግራም ይፈርሳል። ምሳ ቋጥረን እንድንልክ ከተፈለገም ከዋዜማው ማታ 2 ሰዓት በፊት ቁጥሩ ይነገረን።

ከአንጋፋ አስጎብኚ አባል፦

ልጆቼ፣ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጉዞዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። እንግዳው «ለምን ጉዛራ ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቀን «ያረጀ ግንብ ስላለ» ብለን የምንመልስ ከሆነ፣ ፋሲል ግቢን አይቶ የመጣ ሰው ለፍርስራሽ ሲል ከሆቴሉ አይወጣም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ጎርጎራንና ጉዛራን ለየብቻ መሸጡን ትተን ጎንደር እንዴት ዋና ከተማ እንደ ሆነች የሚናገር አንድ ታሪክ አድርገን እንድናያይዛቸው ነው።

ከፋሲል በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከስፍራ ስፍራ ይዘዋወሩ እንደ ነበር ሁላችሁም ለእንግዳ ትናገራላችሁ። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የንጉሥ ሠፈርን፣ የጦር ሠፈርን ያመለክት ነበር። ከዚያ ሕይወት ወደ ግንብ የተደረገው ሽግግር በአንድ ጀምበር የተፈጸመ አይደለም፤ ምልክቶቹም በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ዙሪያ ተዘርግተው ይገኛሉ። እንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታ ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያየውን የጉዛራን ቤተ መንግሥት ትውፊታችን ከእ.ኤ.አ. 1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለአፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጠዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራንና ደንቀዝን መቀመጫቸው አደረጉ፤ አዘዞ ላይም ገነተ ኢየሱስን አሠሩ። ካቶሊክነትን ተቀብለው አገሩ በደም ከታመሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) ካባረሩ በኋላ ነው የእኛ ግንብ የተሠራው። እንግዳው ይህን ቅደም ተከተል በእግሩ ከሄደበት ፋሲል ግቢን ዳግመኛ ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ግቢው በመጀመሪያው ቀን መግቢያ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ መደምደሚያ ሊሆን ይችላል።

የ«ጎ» ትውፊትም ለዚህ ይመቸናል። ዋና ከተማው በ«ጎ» በሚጀምር ስፍራ እንደሚሆን ተነግሮ ነበርና ነገሥታቱ ጉዛራን ሞከሩ፣ ጎርጎራን ሞከሩ፣ በመጨረሻ ጎንደር ላይ ረጉ ይባላል። ጉዛራ በ«ጉ» እንጂ በ«ጎ» አትጀምርም ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም፤ ደንቀዝማ ጭራሹን ትውፊቱን ታፈርሰዋለች። ቢሆንም ትውፊትን ትውፊት ነው ብሎ መናገር ነውር የለበትም። ነውሩ ትውፊቱን እንደ ሰነድ ማቅረብ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላክል። አንዳንዶቻችን ለእንግዳ «ግንቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት» እንላለን። ይህ አባባል ከጋራ ዕቅዳችን ጋር በሚያያዘው የአስጎብኚ ጽሑፍ ውስጥ መግባት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1648 ወደ ፋሲል የተላከው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ ግንቡን በአድናቆት ገልጾ የሠራው ሕንዳዊ እንደ ሆነ ጽፏል። የውጭ እጅ የለበትም አልልም፤ የኢየሱሳውያኑ አባ ፔድሮ ፓኤዝም በሱስንዮስ ዘመን ጎርጎራ ላይ ኖረው እዚያው እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተዋል። ነገር ግን እንግዳውን ከጉዛራ ጀምረን ስንወስደው የግንብ ሥራው በአንድ አገር ሰዎች ብቻ የመጣ አለመሆኑን በዓይኑ ስለሚያይ ብዙ ክርክር አያስፈልገንም።

ከሴት አስጎብኚዎች አንዷ፦

ጋሼ ያቀረቡትን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ማስረጃም ልጨምርበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ900 ሜትር ቅጥር የተከበበውን ግቢ ብቻ አይደለም። የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ከከተማችን ውጪ ያሉት ጎርጎራና የጉዛራ ቤተ መንግሥትም በዚሁ አንድ ምዝገባ ውስጥ ተካትተዋል። ስለዚህ ለመምሪያው ስንጽፍ አዲስ መዳረሻ እንፍጠር አንልም፤ በዓለም ፊት እንደ አንድ ቅርስ የተመዘገበውን እንደ አንድ እናሳይ ነው የምንለው። ይህ ከመግቢያው አንቀጽ ቢገባ ጥሩ ይመስለኛል።

በጎርጎራ ጉዞ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። በጣና ላይ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት አሉ። እንግዶቹ ጥንዶች ሆነው ጀልባው ከተነሣ በኋላ ሚስቲቱ ዳር ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ የሚነገራት ከሆነ ቀኑ ይበላሻል። ስለዚህ ጉዞው ሁሉም በሚገባባት በደብረ ሲና ማርያም ላይ ይመሥረት፤ የግድግዳ ሥዕሎቿ በራሳቸው አንድ ሰዓት ይወስዳሉ። ሁለተኛ፣ በአዘዞ በኩል ታጥፎ ቆላ ድባንና ጯሂትን አቋርጦ የሚወርደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በክረምት ግን የደምቢያ ጥቁር አፈር ምን እንደሚያደርግ ሹፌሮቻችን ያውቃሉ። በገበታ ለሀገር የተሠራው የጎርጎራ ሪዞርት ለምሳ ወይም ለአዳር አማራጭ ስለሚሆን፣ ከቆላ ድባና ከጎርጎራ ከተማ ምግብ ቤቶች ጋር በየተራ እንድንጠቀምበት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ በር ብቻ እንዳይገባ።

ስለ ወለቃም ዝም ማለት አልችልም። በረቂቁ ላይ «የፈላሻ መንደር» ተብሏል። ይህ ስም የሚሰድብ ስለሆነ «የቤተ እስራኤል» በሚለው ይተካ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስለዚህ እንግዳውን «እዚህ ይኖራሉ» ብለን ልንወስደው አይገባም። ዛሬ ሸክላ የሚሠሩትን ሴቶች የራሳቸው ሥራ ያላቸው ባለሙያዎች አድርገን እናሳይ፤ የመንደሩን የቀድሞ ታሪክም ሳንሸሽግ እንንገር።

ከሹፌሮች ተወካይ፦

የጋሼን ታሪክ ስሰማ የራሴን ልጆች ይዤ ልሄድ አማረኝ። ይሁን እንጂ መንገዱን እንመልከት። የጎርጎራውና የጉዛራው መንገዶች አዘዞ ላይ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ቆላ ድባ፣ ሌላው በጠዳና በማክሰኝት በኩል ወደ እንፍራንዝ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚሸጥ ካለ ሰሜንን በአንድ ቀን ከሚሸጠው አይለይም። ለየብቻ ቀን ይያዝላቸው፤ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ደግሞ በየትኛውም ቀን በመመለሻው ላይ ሊታይ ይችላል። ደንቀዝ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ስለሆነ ለጊዜው በታሪክ ብቻ ይነገር።

የመንገዱን ደኅንነት በተመለከተ ለመምሪያው የምንጽፈው ነገር ግልጽ መሆን አለበት። የማንኛውም የከተማ ውጪ ጉዞ በዋዜማው ማታ ተጠይቆ ካልተረጋገጠ አይወጣም፤ ካልወጣም እንግዳው ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል ወይም በከተማው ውስጥ የሚተካ ጉብኝት ይሰጠዋል። ይህን በጽሑፍ ካላሰፈርነው ማንም አዲስ አበባ ያለ ወኪል አያምነንም፤ እውነቱን ነው።

ከአንጋፋው አስጎብኚ፦

ልክ ብለሃል ልጄ። የተተኪው ጉብኝት ቁስቋም ይሁን። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ ሆኖ ሳለ አብዛኛው እንግዳ አያየውም፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱን ያገኘው እዚያው ነው። ከፒያሳ በባጃጅ ይደረሳል።

ከማኅበሩ ጸሐፊ፦

አስተያየታችሁን ተቀብዬ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። የሰሜን ተራሮች የአንድ ቀን ጉዞ ወጥቷል። የጎርጎራና የጉዛራ ጉዞዎች ከከተማው ጉብኝት ጋር «ከድንኳን ወደ ግንብ» በሚል አንድ ስም ተያይዘው በሦስት ቀን ይቀርባሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ፋሲል ግቢና ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ሁለተኛው ጎርጎራ፣ ሦስተኛው ጉዛራና አዘዞ ናቸው። ወለቃና ኮሶዬ የግማሽ ቀን ሆነው ለብቻቸው ይቆያሉ። የመግቢያው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ማኅበራችን በዓለም ቅርስ መዝገብ አብረው የተመዘገቡትን የጎንደር አካባቢ ቅርሶች አብሮ ለማስጎብኘት፣ እንግዳው በከተማችን የሚያድርበትን ጊዜ ለማራዘምና ገቢው በመንገዱ ላይ ላሉ ቀበሌዎች እንዲደርስ ለማድረግ ይህን የጋራ ዕቅድ ያቀርባል።»

የዋዜማ ማረጋገጫው፣ የገንዘብ ተመላሹ፣ የቁስቋም ተተኪ ጉብኝትና የጾም ቀናት ሠንጠረዥ በአባሪ ተያይዘዋል። የክፍያ ክፍፍሉ ገና አልተነሣም፤ በጽሑፍ ብንጀምረው እንደማንጨርሰው ስለማውቅ ለአካል ስብሰባ አቆይቼዋለሁ።

የቀረን የጉዛራ ጉዳይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ኮረብታው ያለው የእግር መንገድ ለአረጋውያን እንግዶች ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ጥላና ውኃ የት እንደሚገኝ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ በሰዓት ለክተን መጻፍ አለብን። ጋሼ፣ የሹፌሮች ተወካይና እኔ የፊታችን ማክሰኞ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ከፒያሳ ተነሥተን እንሄዳለን። በሚኒባሱ ላይ ሦስት ቦታ ይቀራል፤ መምጣት የሚፈልግ እስከ ሰኞ ቀትር ያሳውቀኝ፣ ውኃና ባርኔጣ ይያዝ።