ክርክር፦ የሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቹ ሌላ የት እንደተቀበለ ማወቅ አለበት?

የሜሪላንድ አባት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣን አንድ የማከብራቸው ሐኪም «ትምህርት ቤቶቹ ተማሪው ሌላ የት የት እንደተቀበለ ያዩበት የነበረው ጊዜ ይሻል ነበር» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ለዚሁ ትምህርት እያዘጋጀን ስለሆነ ጉዳዩን እዚህ አምጥቼዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ በአጭሩ ላስረዳ። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ጸደይ ሲመጣ ለየትምህርት ቤቱ አንድ ዝርዝር ይልክ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ትምህርት ቤቱ የተቀበላቸው ተማሪዎች ስም ይሰፍራል፤ ከጎኑ ደግሞ እነዚያው ተማሪዎች የተቀበሉባቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶች በስም ይጠቀሳሉ። በ2019 ለሚገቡ ተማሪዎች ይህ አሠራር ቀረ። አሁን ተማሪው አምካስ በተባለው የማኅበሩ የጋራ ማመልከቻ ገጹ ላይ «ለመግባት አቅጃለሁ» ወይም «ለመግባት ወስኛለሁ» ብሎ ይመርጣል። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ትምህርት ቤቱ የሚያየው ስንት ተማሪ እንደመረጠው ድምሩን ብቻ ነው። ከኤፕሪል 30 በኋላ የእያንዳንዱን ተማሪ ምርጫ ያያል፤ ሆኖም ተማሪው የመረጠው ሌላ ትምህርት ቤት ከሆነ ስሙ አይገለጽለትም።

አቋሜን በግልጽ ልናገር። የቅበላ ደብዳቤው የተጻፈው ለልጄ ነው። ለማን እንደምታሳየው የምትወስነው እርሷ ናት። ኪሱ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ ለሻጩ አስቀድሞ ነግሮ ገበያ የሚወጣ ሰው የለም፤ ልጆቻችን ግን ለዓመታት እንዲህ ተደርገው ነው የተላኩት።

ሐኪሙ፣ ከሚኒሶታ

እሑድ ዕለት የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። ወንድሜ ጉዳዩን ከአንድ ወገን ብቻ ነው ያዩት። እኔ በቅበላ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

የሕክምና ትምህርት ቤት እንደ ሌላው ኮሌጅ ሃምሳ ተማሪ ቢጨመርበት አዳራሽ አስፍቶ የሚያስተምር ተቋም አይደለም። የአስከሬን መማሪያው ጠረጴዛ የተቆጠረ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ ተማሪ የሚቀበለው ሐኪምም እንዲሁ። ከመጠን በላይ ከተቀበልን ችግር ነው፤ ካነስንም ወንበር ባዶ ይቀራል። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አመልክቶ ወንበር የሚያገኘው 23 ሺህ ገደማ በሆነበት አገር አንድ ባዶ ወንበር ቀላል ነገር አይደለም። ዝርዝሩን ስናይ አምስት ቦታ የተቀበለውን ልጅ፣ የት የት እንደሆነም ጭምር፣ እናውቅ ነበር። ወደ እኛ እንደማይመጣ ከተረዳን ከተጠባባቂዎቹ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገን አስቀድመን እንገምታለን። ዛሬ ያ ግምት ጨለማ ውስጥ ነው፤ በጨለማው የሚጎዳው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን እስከ ሰኔና ሐምሌ ስልኩን እያየ የሚጠብቀው ተጠባባቂ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ከዚህ ይከብዳል። እኔ ባገለገልኩበት ኮሚቴ አንድ ጎበዝ የስደተኛ ልጅ ሌላ ጥሩ ቦታ መቀበሏን ስናይ «ይቺን ልጅ እንዳናጣት» ብለን የነጻ ትምህርት ገንዘብ የምንጨምርበት ጊዜ ነበር። ልጅቷ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ እንደሚቻልም አታውቅም ነበር። ዛሬ ገንዘቡ የሚጨመረው ለሚጠይቅ ነው። የሚጠይቀው ማነው? አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ጠበቃ የሆነው ልጅ። የእኛ ልጆች በይሉኝታ ያደጉ ናቸው። «ተቀብለውኛል፤ ደግሞ ገንዘብ ጨምሩልኝ ልበል?» ብለው አፍረው ዝም ይላሉ። መረጃውን መደበቁ የጠቀመው ቀድሞም የሚያውቀውን ነው።

የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ

ዶክተር፣ በአክብሮት፣ በይሉኝታው ላይ ያሉት እውነት ነው። እኔም ያደግሁት በዚያው ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም።

እኔ ሁለት ቦታ ተቀብዬ ነበር። አንዱ ወላጆቼ ከሚኖሩበት ከተማ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው ሩቅ ቢሆንም የተሻለ ድጋፍ ሰጠኝ። የድጋፉን ደብዳቤ አያይዤ ለቅርቡ ትምህርት ቤት ጻፍኩ። በደብዳቤው ላይ የትምህርት ክፍያው፣ የእርዳታው መጠንና የቀረው ብድር በሦስት መስመር ተቀምጧል። እነዚያን መስመሮች ቀለም ቀብቼ «ወደ እናንተ መምጣት እፈልጋለሁ፤ ልዩነቱ ይህ ነው» አልኩ። አባቴ በጣም አፈረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጨመሩልኝ። ያንን ያደረገው ማንም ከኋላዬ የላከው ዝርዝር አይደለም፤ እኔ ጊዜውን መርጬ ያሳየሁት ወረቀት ነው።

ዶክተር የነገሩን ልጅቷ የተጠቀመችበትን ነው። ያልተነገረውስ? ኮሚቴው ዝርዝሩን አይቶ «ይህ ልጅ ሌላ የትም አልተቀበለም፣ ያለምንም ጭማሪ ይመጣል» ያለበት ጊዜ የለም? አንድ ቦታ ብቻ የተቀበለ ልጅ እጁ ላይ ምንም መደራደሪያ እንደሌለው ለትምህርት ቤቱ በስም ተጽፎ ይደርሰው ነበር። ለድሃው ልጅ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ደግሞም አንድ ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ላይ «ሌላ የት ተጠርተሻል?» ተብዬ በቀጥታ ተጠይቄያለሁ። ዝም ብል ሸሸች እባላለሁ፤ ብናገር ደግሞ «ይቺማ ወደ ትልቁ ትሄዳለች» ብለው ይተዉኛል። ይህ ጥያቄ ከቃለ መጠይቅ ክፍል መውጣት አለበት።

የሕግ ባለሙያ፣ ከቦስተን

ሁሉም ሰው ስለ ቅን ኮሚቴና ስለ ቅን ተማሪ እየተናገረ ነው። እኔ ስለ ተቋማት ልናገር። ተወዳዳሪ የሆኑ ተቋማት ስለ ደንበኛቸው መረጃ ሲለዋወጡ የሚሆነውን ይህች አገር ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ የሆነውም እዚሁ አካባቢ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስምንቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች (ሃርቫርድና የልን የመሳሰሉት ዝነኞቹ) እና ኤም አይ ቲ በየጸደዩ ተወካዮቻቸውን ይሰበስቡ ነበር። ከአንድ በላይ ቦታ የተቀበሉ ተማሪዎችን ስም አንድ በአንድ እያነሡ ቤተሰቡ ስንት መክፈል እንዳለበት ይስማማሉ። ተማሪው የትም ቢሄድ የሚቀርብለት ዋጋ ተቀራራቢ ይሆናል። ምክንያታቸው መልካም ይመስል ነበር፤ ገንዘቡ በፉክክር ለሀብታም ልጅ እንዳይሄድ፣ ለተቸገረ እንዲደርስ ነው ይሉ ነበር። በ1991 የፍትሕ ሚኒስቴር በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ከሰሳቸው። ስምንቱ ወዲያው ተስማምተው ልማዱን አቆሙ። ኤም አይ ቲ ተከራከረ፤ በ1992 ተረታ፤ በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መለሰው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በስምምነት ተዘጋ። የማኅበሩ ዝርዝር ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም፤ በዝርዝሩ ላይ ዋጋ አልነበረም፣ ስብሰባም አልነበረም። ነገር ግን መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፦ ሻጮቹ የጋራ ገዢያቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ገዢው ግን ስለ እነርሱ ያንኑ ያህል አያውቅም።

ሌላም ላንሣ። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ፋፍሳ ላይ ተማሪው የሚሞላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር እያንዳንዱ ኮሌጅ ያይ ነበር። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚወዱትን ቀድመው ስለሚጽፉ ቅደም ተከተሉ ራሱ ልባቸውን ያሳይ ነበር። ከ2016 እስከ 2017 ላለው የትምህርት ዘመን ከወጣው ቅጽ ጀምሮ መንግሥት ይህን ዘጋው። እንግዲህ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ብቻውን የፈጠረው እንግዳ ነገር የለም፤ አዝማሚያው ተማሪውን ወደ መጠበቅ ነው፤ ልክም ነው።

ሐኪሞቻችን ይህን ነገር በተለይ ሊረዱት ይገባል። ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚመደቡበት የማዛመጃ ሥርዓት ደመወዝ ዝቅ ያደርጋል ተብሎ በ2002 በሐኪሞች ሲከሰስ ኮንግረስ በ2004 በጡረታ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ሥርዓቱን ከፀረ ሞኖፖሊ ክስ ጠበቀው። ጥበቃው ለሥልጠና ምደባ ነው፤ ለትምህርት ቤት ቅበላ አይደለም።

ነርስ፣ ከለንደን

እዚህ እንግሊዝ አገር ተማሪው ዩካስ በተባለው የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት በኩል ለሕክምና ማመልከት የሚችለው ለአራት ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪው ለቀረበለት ዕድል መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሌላ የት እንዳመለከተ አያዩም። ልጄ ያለፈው በዚሁ ነው፤ ሰማይም አልተደፋም።

ሐኪሙ፣ ከሚኒሶታ

እህቴ፣ አራት ላይ መገደቡ ነው ሥራውን የሚሠራው! እዚህ ልጆቹ ለአሥራ አምስትና ለሃያ ያመለክታሉ። ለመጀመሪያው ከ170 ዶላር በላይ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ከ40 ዶላር በላይ፣ በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለሁለተኛው ቅጽ የሚያስከፍለው አለ። መክፈል የቻለው ብዙ ደብዳቤ ይሰበስባል፤ ሰብስቦም እስከ ኤፕሪል ይዞ ይቀመጣል። ገደብ ይደረግ ካላችሁ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ። ገደብ በሌለበት ግን ዓይናችንን መጨፈን ለማን ይጠቅማል?

የሕግ ባለሙያው ያሉትን አከብራለሁ። ሆኖም እኛ ዋጋ ለመወሰን አልተሰበሰብንም፤ ወንበር ለመቁጠር ነው የፈለግነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከቦስተን

ዶክተር፣ ለመቁጠር ከሆነ የሚያስፈልግዎ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ደግሞ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ያገኛሉ። የልጁ ስምና የተወዳዳሪዎ ስም ለመቁጠር አያስፈልጉም።

አባት፣ ከዳላስ

ቴክሳስን የረሳችሁት ይመስላል። እዚህ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የክፍለ ግዛቱ የራሱ ማመልከቻ ሥርዓት አላቸው። ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ቀድመው ለነዋሪ ተማሪዎች ዕድል ይሰጣሉ፤ ከዚያ ተማሪው ትምህርት ቤቶቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ እነርሱም ተማሪዎችን ያስቀምጣሉ፤ በፌብሩዋሪ ኮምፒውተሩ ያዛምዳል። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ስንተኛ እንዳደረገው አያውቅም። ከዚያ በኋላ ልጁ በአንዴ ብዙ ወንበር ይዞ አይቀመጥም፤ የዶክተር ጭንቀት ከሥሩ ይወገዳል። ለምን አገሪቱ በሙሉ ይህን አትወስድም?

መምህር፣ ከአዲስ አበባ

ከሩቅም ቢሆን አንድ ነገር ልጨምር። የዳላሱ ወንድማችን የሚያደንቁት ከእኛ ምደባ ብዙም አይርቅም። እዚህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ወደ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሁለት ቦታ ይዞ የሚጠብቅ የለም። ነገር ግን «ይህን ሰጡኝ፣ እናንተስ?» ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገርም የለም። ተማሪዎቼ የተመደቡበትን ሲያዩ የሚያለቅሱትን አውቃለሁ፤ ጅማ ፈልጎ ሌላ ቦታ የደረሰው ማንንም ማናገር አይችልም። ምደባ ወንበር ይሞላል፤ የተማሪውን ድምፅ ግን ይወስዳል። እናንተ ያላችሁን በቀላሉ አትልቀቁ።

የሜሪላንድ አባት

መምህር፣ ያሉት ነገር ነው የሚያሳስበኝ። በ2025 የወጣው ሕግ ከ2026 ጁላይ 1 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን የፌዴራል የድኅረ ምረቃ ብድር አስቀርቷል፤ ለሐኪም ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድርም በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ላይ ተገድቧል። በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የዓመቱ ወጪ ከ50 ሺህ እጅግ ይበልጣል። ጉድለቱን ከግል ባንክ በዋስ መበደር ማለት ነው፤ ዋሱም እኛ ነን፣ ቤታችን ነው። ልጄ ሁለት ደብዳቤ ኖሯት የምትደራደርባት አንዲት ወር ከበፊቱ ይልቅ አሁን ውድ ሆናለች። በዚህ ሰዓት «ዝርዝሩ ይመለስ» የሚል ሐሳብ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

ዶክተር ስለ ይሉኝታ ያሉትን ግን እቀበላለሁ። መልሱ ልጆቹን መጠየቅ ማስተማር ነው፤ እኛ ወላጆች ደግሞ ልጅቷ ስትጽፍ «አታዋርጂን» ማለትን መተው አለብን።

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ተባረኩ። እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። ልጄ ሁለት ቦታ ተቀብሏል። አንደኛው ጥሩ እርዳታ ሰጠው፣ እርሱ የሚወደው ግን ሁለተኛውን ነው። አንዱን የሚመርጥበት ቀን፣ ኤፕሪል 30፣ እየቀረበ ነው። ደብዳቤ ይጻፍ? ማን ዘንድ ይላክ? ይቆጡበታል ብዬ እፈራለሁ።

የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ

እማማ፣ አይቆጡም። ዛሬውኑ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ለምን እነርሱ ጋር መማር እንደሚፈልግ፣ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሰጡት እርዳታ ልዩነት፣ በቤተሰቡ ገቢ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ እርሱ። ከፈቀዱ በግል ይላኩልኝ፣ አብሬው አነባለሁ።

ሐኪሙ፣ ከሚኒሶታ

ልክ ነው፣ እህቴ። የሚላከው ለገንዘብ ድጋፍ ክፍሉ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላደረጉለት መምህራን አይላክ። የሌላውን ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሙሉውን ገጽ ያያይዝ፤ ግማሹ የተቆረጠ ፎቶ ሲመጣ ኮሚቴ ይጠራጠራል። «ካልጨመራችሁ አልመጣም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይግባበት። መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ሊወስዱ ስለሚችሉ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ እጃቸው ላይ ይድረስ።