እማዬ ከህንድ በሆሚዮፓቲ ጠብታ ተመለሰች፤ ሜትፎርሚኗን አቁማለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የሳሪሷ

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ። እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ለጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ከወንድሜ ጋር ዴልሂ ሄዳ ባለፈው ወር ተመለሰች። ጉልበቷ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ያረፉበት ቤት አከራይ ደግ ሴት ነበሩ። እሳቸው ሰፈራቸው ያለ የሆሚዮፓቲ ሐኪም ጋ ወሰዷት። ሦስት ጠርሙስ ይዛ መጣች።

አንዱ ቡናማ ጠርሙስ ላይ «ሲዚጂየም ጃምቦላነም ኪው» ይላል፤ ለስኳር ነው ብለዋታል። ሁለተኛው «ራውዎልፊያ ሰርፐንቲና ኪው» ነው፤ ለግፊት። ሦስተኛው ውስጥ ያለው ትንንሽ ነጭ እንክብል ነው። «ኦሲመም ሳንክተም 30» ይላል፤ ይሄ ለሳሏ ነው። ጠብታውን ጠዋትና ማታ ግማሽ ሲኒ ውሃ ላይ አሥር አሥር እየቆጠረች ትጠጣለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነው የምትቆጥረው። ከተሳሳተች ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። ክፍሉ ካቲካላ ካቲካላ ይሸታል።

ችግሩ፣ ሜትፎርሚኗን ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው። «ይሄ ከተክል የተሠራ ነው፣ ያኛው ኬሚካል ነው» ትላለች። ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዷ ስለካት 247 ነበር። ኢናላፕሪሏን አልተወችም፤ ግን ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀምራለች። ስቆጣት ታኮርፋለች። እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው? ከመድኃኒቷ ጋር አብረው ይሄዳሉ?

መልስ፦ ባለ ፋርማሲው

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የዛሬውን ልንገርሽ። ሐኪሟ ጋ ዛሬውኑ ደውለሽ ሜትፎርሚኑ እንዲመለስላት አድርጊ። በባዶ ሆድ 247 ብዙ ነው። ጥማት ከበዛባት፣ ካስመለሳት፣ ንግግሯ ከተምታታ ወይም ስኳሯ 300 አልፎ አልወርድ ካለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ግፊቷንም ለኪላት፤ አንዴ ተቀምጣ፣ አንዴ ቆማ። የራውዎልፊያውን ጠብታ ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ አትውሰድ፤ ጠርሙሱን አስቀምጪው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ። ሰው የተክሉን ስም ያነባል፤ ከስሙ ቀጥላ ያለችውን ምልክት ግን ያልፋታል። ዋናዋ እሷ ናት። «ኪው» ማለት «እናት ቲንክቸር» የሚሉት ነው። ተክሉ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ የወጣ፣ ገና ያልቀጠነ ፈሳሽ። ካቲካላ የሸተተሽ ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ማቅጠን ይመጣል። «ኤክስ» ካለ እያንዳንዱ ዙር አንድ ለአሥር ነው። «ሲ» ካለ አንድ ለመቶ። እንደ እናትሽ እንክብል 30 ብቻ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሲ ማለት ነው። አንድ ጠብታ ይወስዱና 99 ጠብታ አልኮል ላይ ጨምረው በኃይል ይንጡታል። ከተናጠው አንድ ጠብታ ወስደው ደግሞ 99 ላይ። እንዲህ እያሉ 30 ጊዜ። ገና 12ኛው ዙር አካባቢ ከተክሉ አንዲት ሞሌኪውል የማግኘት ተስፋ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ያን ፈሳሽ ስኳር እንክብል ላይ ያርከፈክፉታል። ስለዚህ ሦስተኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። በቀን ጥቂት ፍሬ ስኳሯን አያናጋውም፤ በዚያ አትጨነቂ።

ስለ ሳሉ ግን አንድ ነገር። ኢናላፕሪል ራሱ ደረቅ ሳል ያመጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ዓመት ሙሉ ያስላል። ለሐኪሟ ንገሪው፤ የግፊቱን መድኃኒት ሊቀይርላት ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ ደግሞ የአክታ ምርመራም ያስፈልጋታል።

ራውዎልፊያው ቀልድ አይደለም። ከዚያ ተክል ሥር ነው ሬዘርፒን የተገኘው። ስዊዘርላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 1952 ለብቻው ተለይቶ ወጣ፤ ለብዙ ዓመታትም ዓለም ሁሉ ለግፊት ይጠቀምበት ነበር። ግፊትን በእርግጥ ያወርዳል። ኢናላፕሪል ላይ ሲደረብ ግን ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ግድግዳ የምትይዘው በዚህ ይመስለኛል። አፍንጫን ይደፍናል፤ ስሜትን ይጫናል፣ ሰውን ያስተክዛል። ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ጠብታውን ካቆመች በኋላም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ግፊቷን ተከታተሉ። ጠብታው ውስጥ ሬዘርፒኑ ስንት እንደሆነ ጠርሙሱ አይነግርሽም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መልስ፦ ፑኔ የተማርኩ

ህንድ፣ ፑኔ ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። እኛ አገር «የህንድ ባህል መድኃኒት» ብለን ሁሉንም አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። ሆሚዮፓቲ ግን መነሻው ጀርመን ነው። ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ሐኪም በፈረንጆቹ 1796 ነው ሐሳቡን የጻፈው። ጤነኛ ሰው ላይ አንድ ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ በጣም ሲቀጥን ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ይፈውሳል አለ። ህንድ የገባው በኋላ ነው። በ1839 ሆኒግበርገር የሚባል ሐኪም ላሆር ውስጥ ማሃራጃ ራንጂት ሲንግን በዚህ ዘዴ አክሞት ነበር። እዚያ ሥር ሰደደ። ዛሬ አምስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ ዲግሪ አለው። ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ ደግሞ እሱን፣ አዩርቬዳን (የህንድ የጥንት ባህላዊ ሕክምና ነው) እና ዮጋን የሚመራ አዩሽ የሚባል ሚኒስቴር አላቸው። እናትሽን ያዩዋት ሰውዬ በአገራቸው ሕግ ፈቃድ ያላቸው ሐኪም ሊሆኑ ይችላሉ። «አጭበርባሪ ነው» ብለሽ ብትጀምሪ አትሰማሽም፤ እሷ ያየችው ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ንጹሕ ክሊኒክ ነው።

የህንድ ሆሚዮፓቶች የጨመሩት የአገራቸውን ተክል ነው። ሰዉ በአዩርቬዳ ለብዙ ዘመን የሚያውቀውን ወስደው በሃነማን መንገድ አዘጋጁት። ጃሙን፣ ኒም፣ ቱልሲ፣ የአርጁና ቅርፊት፣ አሽዋጋንዳ። ጃምቦላነም የሚለው ጃሙን ነው። ሰኔ አካባቢ መንገድ ላይ በጋሪ ይሸጣል። ጨው ነስንሰው በቅጠል ይሰጡሻል። ስትበዪው ምላስሽ ወይን ጠጅ ይሆናል። ፍሬውን በልተሽ ዘሩን ስትተፊ አጠገብሽ የቆመ ሽማግሌ «እሱን አትጣይው፣ ለስኳር ነው» ይልሻል። እምነቱ እዚህ ድረስ የቤት ውስጥ ነው።

መልስ፦ ዶቅማ ጥላ

ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጃሙን ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የኛ ዶቅማ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሲዚጂየም ናቸው። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድም እንደዚያው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ኦሲመም ደግሞ ቱልሲ ነው፤ ኦሲመም የበሶብላና የዳማከሴም ስም ነው። አሽዋጋንዳ ጭራሽ ዘመድ ሳይሆን ራሱ ግዛዋ ነው፤ አያቶቻችን የሚያጨሱት።

ይሄን የምለው እናትሽ ተክሉን ማክበሯ ልክ ስለሆነ ነው። ተክል እውነተኛ መድኃኒት ይወጣዋል። ህንዶች ለሳል የሚጠቀሙበት ቫሳካ የሰንሰላችን ዘመድ ነው። ፋርማሲ የምንገዛው ብሮምሄክሲን የሚባለው የሳል ሽሮፕ የተሠራው ቫሳካ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መነሻ አድርጎ ነው። እና ዋናው፦ ሜትፎርሚንም የዘር ሐረጉ ከተክል ነው! ጋሌጋ ከሚባል፣ የአውሮፓ ገበሬዎች ከሚያውቁት ተክል ነው ሐሳቡ የመጣው። «ያኛው ኬሚካል ነው» ስትል ይሄን ንገሪያት። ልዩነቱ የሜትፎርሚኑ ፍሬ ስንት ሚሊግራም እንደያዘ መታወቁ፣ በሺዎች ሰዎች ላይም መፈተኑ ነው።

የጃሙን ዘር በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ስኳር ሲያወርድ የታየበት ጥናት አለ። ብራዚል ውስጥ ግን የጃሙን ቅጠል ሻይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ስኳራቸውን አላወረደም። «ዶቅማም ያው ነው» ብሎ ዘር መፍጨት የሚያምረው ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ዝምድና መድኃኒት አያደርግም።

መልስ፦ አቤል ሀዋሳ

ወገን፣ ሁሉን ነገር አታጣጥሉ። አጎቴ በሆሚዮፓቲ ጨጓራው ተሽሎታል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ ባለ ፋርማሲው

ወንድሜ አቤል፣ አጎትህ እንኳን ተሻላቸው። እኔም አልጠራጠርም። ጨጓራ ይመጣል ይሄዳል፤ ሐኪም አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥህም ይቀልሃል። አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት ያሠራው ትልቅ ግምገማ በፈረንጆቹ 2015 ወጥቶ ነበር። ሆሚዮፓቲ እንደሚፈውስ አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም በሽታ የለም ነው ያለው። ስኳር ደግሞ እንደ ጨጓራ አይደለም። ሳያምህ ዓይንና ኩላሊት ይበላል። «ተሻለኝ» በሚል ስሜት አይለካም፤ በመርፌዋ ጠብታ ደም ነው የሚለካው።

መልስ፦ ሻርጃ ያለችው

እኔ ሻርጃ የህንድ፣ የኬራላ ሰዎች ቤት ነው የምሠራው። አያትየዋ 78 ዓመታቸው ነው፤ እኔ ነኝ የምንከባከባቸው። ሆሚዮፓቲ ይወዳሉ። እንክብሏን በጣት አይነኩም፤ በክዳኗ ቆጥረው ምላሳቸው ሥር ያደርጓታል። እሷን ሲወስዱ ቡናም አይጠጡም። ግን ኢንሱሊናቸውን አንድ ቀን አዘልለው አያውቁም። ምሳ ቀርቦ ሳይወጉ ማንኪያ አያነሡም። አንዴ ጠየቅኳቸው። «እንክብሉ ለእኔ ነው፣ መርፌው ለስኳሬ ነው» አሉኝ። ለእናትሽ ይሄን ብትነግሪያት የሚገባት ይመስለኛል። ህንዶቹ ራሳቸው አብዛኞቹ አንዱን ጥለው አይደለም ሌላውን የሚይዙት።

መልስ፦ የሳሪሷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ያን ቀን ማታ ግፊቷን ለካሁት። ተቀምጣ 104 በ66፣ ስትቆም 88 በ58። ደነገጥኩ። አልተቆጣሁም ግን። ቡና አፍልቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና የሻርጃዋን አያት ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ሜትፎርሚንም ከተክል እንደተነሣ ስነግራት «ማነው ያለው?» አለችኝ። የባዮሎጂ መምህሩን መልስ አነበብኩላት። ዶቅማው ላይ ስደርስ ሳቀች። ልጅ ሆና ደጀን አካባቢ ከእረኞች ጋር ዶቅማ ለቅማ ቀሚሷን አበላሽታ መገረፏን አጫወተችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጠርሙስ በፌስታል አድርጋ ራሷ ይዛ ሐኪም ጋ ሄድን።

ሐኪሙ አላናናቃትም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነበበ። የራውዎልፊያውን እንድታቆም ነገራት፣ ሜትፎርሚኑን መለሰላት። የሦስት ወር የስኳር ምርመራና የኩላሊት ምርመራ አዘዘ። ኢናላፕሪሉን በሌላ ሊቀይርላት አስቧል፤ ግፊቷን ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ጽፋ እንድትመጣ አለ። እንክብሉን ከፈለገች ትውሰድ ብሏታል። የጃሙኑን ጠብታ ግን ለጊዜው ተይው አላት፤ ስኳሯ ከወረደ በየትኛው እንደወረደ ማወቅ ስላለበት።

ዛሬ ጠዋት 168 ነበር። የወንድሜን አሮጌ ደብተር ወስዳ አስምራ ትጽፋለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስኳር፣ ግፊት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቡናማዎቹ ጠርሙሶች አልኮል ስላላቸው ልጆች እንዳያገኟቸው ፈራሁ። መጸዳጃ ቤት ልድፋቸው?

መልስ፦ ባለ ፋርማሲው

አትድፊያቸው። ክዳናቸውን አጥብቀሽ የምትገዢበት ፋርማሲ ውሰጃቸው፤ ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት የሚያስወግዱበት መንገድ አላቸው። ሐኪሙ ድጋሚ ማየት ከፈለገ ግን ቀጠሮዋ እስኪደርስ ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። የጠርሙሶቹን ጽሑፍም አሁኑኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።