«ለጣና ሞት አበዳሪ» ማን ነው?

ዓባይ ማዶ፦ ትናንት ማታ አንድ ሰው እዚሁ ግሩፓችን ላይ «ወለድ ብቻ አይቶ ደብተር የከፈተ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ለጣና ሞት አበዳሪ ነው» ብሎ ጻፈና ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ገበያ ቅመም ሸጬ ነው የማድረው። ያለችኝ ጥሪት የልጄ የትምህርት ናት። አበዳሪ ማለት በእኛ አገር አራጣ እየቆጠረ ጎረቤት የሚያስለቅስ ነው። ይቅርታ ልጠየቅ።

የፔዳ ልጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ ጋሼ፤ ይቅርታ ግን የለኝም። ባንክ ብርዎን በፌስታል ቋጥሮ አያስቀምጥልዎትም፤ ያበድረዋል። የእርስዎ ቁጠባ በባንኩ መዝገብ ላይ ዕዳ ተብሎ ነው የሚሰፍረው። ባለዕዳው እሱ ከሆነ አበዳሪው ማን ሊሆን ነው? ፍሳሹን ወደ ሐይቁ የሚለቅ ሰው ፎቁን የሠራው በማን ብር ነው? ጠይቀው ያውቃሉ?

ዓባይ ማዶ፦ አሁንም አበዳሪ አልክ።

የፔዳ ልጅ፦ አልኩ።

ጠና ያለ ካሸር፦ ልጁ በሒሳቡ አልተሳሳተም፤ አፉ ነው የከፋ። ግን እሱም ግማሹን ነው የሚያውቀው። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ይገደድ ነበር፤ ገንዘቡም ለልማት ባንክ ነበር የሚተላለፈው። ያኔ እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። የፈለግኸውን የግል ባንክ ብትመርጥ ከብድሩ ጎን ለጎን መንግሥት ድርሻውን ይወስድ ነበር። «ምርጫ» የምትሉት ነገር ለእኔ ያን ያህል አይታየኝም።

ሔግ ያለሁት፦ ይቅርታ ልግባ። እዚህ ኔዘርላንድ ትሪዮዶስ የሚባል ባንክ አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1980 ጀምሮ የሚሠራ። የሚያበድራቸውን ድርጅቶች ስም ለሕዝብ ያወጣል። ቆጣቢው ገብቶ ያያል። እናንተ ለምን አትጠይቁም?

የቀበሌ 14፦ ሔጌ፣ መጀመሪያ አንተ ለእናትህ የምትልካት ዩሮ በየት በኩል እንደምትገባ ንገረን። በባንክ ነው ወይስ በጥቁር ገበያው ሱቅ በኩል?

ሔግ ያለሁት፦ ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?

የቀበሌ 14፦ አገናኘው እንጂ። «ሕሊና» ስትሰብክ ጊዜ ነው የመጣብኝ።

እታለም፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። ሴት ነኝ፣ እናት ባንክ ነው ያስቀመጥኩት። በ2005 ሥራ ሲጀምር ሴቶች የመሠረቱት ባንክ መሆኑን ሰምቼ ሄድኩ። ቅርንጫፎቹ እንኳ በሴቶች ስም ነው የሚጠሩት። ወለዱ? በ2010 ዝቅተኛው ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያድግ እልል ብለን ነበር፤ ሽንኩርት ግን እልልታችንን አልሰማም። ለእንዲህ ያለ ወለድ ብሎ ማንም አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ቢያንስ ለማን እንደሚደርስ ልምረጥ አልኩ።

ዘጌ፦ ስም ብድር አይሆንም እታለም። ቅርንጫፍ በጣይቱ ስም ቢጠራም ታንኳ ገዝቶ አይሰጠኝም።

ጎጃሜው፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። የራሳችን ባንክ እያለ ሌላ ዘንድ መሄድ ምን ይባላል? ዓባይ ባንክ አለ፣ አማራ ባንክ ከ100 ሺህ በላይ ባለአክሲዮን ይዞ በ2014 ተከፈተ፣ የብድርና ቁጠባ ተቋሙ አብቁተም ፀደይ ባንክ ሆኗል። ብራችን ከዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ፎቅ ይሁን?

የፔዳ ልጅ፦ «የራሳችን» ያልከው ስሙን ነው ብድሩን? አብቁተ ገበሬውን በቡድን ዋስትና ሲያበድር «የራሳችን» ብትለኝ ይገባኛል፤ የቤት ካርታ አምጣ አይልም ነበር። ዛሬ የትኛው ባንክ ነው ያለ ካርታ የሚያናግርህ?

ጎጃሜው፦ አንተ የራስህን ነገር ማጣጣል ልማድህ ነው።

ዘጌ፦ ካርታውን ካነሣችሁ እኔ ልንገራችሁ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና ይያዛል ይላል፤ በሬ ሳይቀር። ሞተር ጀልባዬን ቆጥሬ አንድ ባንክ ሄድኩ። ልጁ ሰምቶኝ ሰምቶኝ «የቤት ካርታ አለዎት?» አለኝ። ያው ባንክ በእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ላይ ቲሸርት አልብሶ ከእኔ ጎን ፎቶ ተነሥቷል! እኔ ውሃ ውስጥ እስከ ደረቴ፣ እነሱ ዳር ላይ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ሐጂ ሰፈር፦ ከወለድ ነፃውን ማንም አላነሳውም። ለአረቄና ለቁማር አይውልም ተብሎ ሲከፈት ጀምሮ የተወሰነበት ገንዘብ እሱ ብቻ ነው። ዘምዘም ከ2013 ጀምሮ አለ፣ ሌሎቹም መስኮት ከፍተዋል። «ለማን ታበድራለህ» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም።

የቀበሌ 14፦ ጫትስ? በዙሪያችን ሐይቁን በፓምፕ እየጠጣ ያለው ጫት እኮ ነው።

ሐጂ ሰፈር፦ ጫትን እኔ ተከልኩት?

የቀበሌ 14፦ አልወጣኝም። ጠየቅኩ።

ሐጂ ሰፈር፦ አጠያየቅህ ደስ አይልም። እዚህ ከተማ ጫት የሚቅመው የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጠና ያለ ካሸር፦ ኧረ ልጆች! ይልቅ ብራችሁን አንድ ቦታ አትከምሩ፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንዱ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ሐይቁን ባታድኑ ራሳችሁን አድኑ።

የፔዳ ልጅ፦ ይሄ ነው በሽታችን። ጋሼ ዓባይ ማዶ፣ ደብተር የከፈቱበት ቅርንጫፍ ሄደው «የእኔን ብር ለማን አበደራችሁት?» ብለው ይጠይቁ። ቢመልሱልዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዓባይ ማዶ፦ ጠይቄ መጣሁ እኮ፤ ዛሬ ጠዋት። ልጅቷ ደግ ናት። «ብድር ፈልገው ነው አባ? ካርታ ይዘዋል?» አለችኝ። አበዳሪው እኔ ነኝ ብላት ሳቀች፣ የአምናውን ካሌንደር ሰጥታ ሸኘችኝ።

ዘጌ፦ 😂

ጎጃሜው፦ የየትኛው ባንክ ካሌንደር ነው?

ዓባይ ማዶ፦ አልናገርም። ይቅርታውስ?

የቀበሌ 14፦ ሔጌ፣ ዝም አልክ? ዩሮዋ በየት ነው የምትገባው?