ልጄ ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ ኤዲኤችዲ ይሆን? ጅማ ላይ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (የናቲ እናት፣ ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። ቁጭ ብሎ መብላት እንኳ አይችልም፤ አንድ ጉርሻ ጎርሶ በር ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ጨው እንዲገዛ ሱቅ ላክሁት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ብወጣ ብሩን በእጁ እንደ ጨበጠ ባጃጅ ጎማ ሲቀየር ቆሞ ያያል። «ናቲ፣ ጨውስ?» ስለው ደነገጠና እንባው መጣ። ከልቡ ረስቶት ነው።

ደብተሩን ስገልጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ያምራሉ፣ ሦስተኛው ይወላገዳል፣ ከዚያ ባዶ ነው። መምህርቷ ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች። የባለቤቴ ቤተሰቦች «አቀብጠሽው ነው፣ መድኃኒቱ አርጩሜ ነው» ይላሉ። እውነቱን ልናገር፣ መትቼዋለሁ። እሱም እኔም አልቅሰን ቀረ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

አንዲት ጎረቤቴ ኤዲኤችዲ (ADHD) የሚባል፣ ልጅን ትኩረት የሚያሳጣና የሚያቅበጠብጥ ነገር እንዳለ ነገረችኝ። በምን ይመጣል? እንዴት ይታወቃል? መድኃኒቱ ልጅ ያደነዝዛል የሚባለውስ እውነት ነው? የት ልውሰደው?

መልስ (የሦስት ወንዶች አባት)

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔም መካከለኛው እንዲህ ነበር፣ አሁን 15 ዓመቱ ነው፣ ሰክኗል። ወንድ ልጅ ሮጦ ነው የሚያድገው። ቶሎ ስም አታውጪለት፣ አንድ ሁለት ዓመት ጊዜ ስጪው።

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)

ወንድሜ የልጅህን መስከን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን ትምህርቱ እየተበላሸና እየተመታ ላለ ልጅ ሁለት ዓመት ረጅም ነው። መመርመር ስም ማውጣት አይደለም።

የናቲ እናት፣ ኤዲኤችዲ የአንጎል እድገት ችግር ነው። ትኩረትን ይዞ የሚያቆየው፣ «ቆይ፣ አትቸኩል» የሚለው የአንጎል ክፍል ሥራ ዘግየት ይላል። ልጁ ያውቃል፣ መታዘዝም ይፈልጋል፣ ግን ሐሳቡ ከመንገድ ይወሰድበታል። ጨዉ ላይ ያየሽው ይህን ይመስላል። ትልቁ ምክንያት ዘር ነው፤ እንደ ቁመት በቤተሰብ ይወርዳል። ጊዜው ሳይደርስ ወይም በጣም ትንሽ ኪሎ ሆኖ መወለድ፣ በእርግዝና ወቅት መጠጥና ሲጋራ፣ በሕፃንነት በእርሳስ መመረዝ ዕድሉን ይጨምራሉ። ማቀበጥ አያመጣውም፤ ስኳርም አያመጣውም። አርጩሜ ደግሞ ፍርሃት ይጨምርበታል እንጂ ትኩረት አይሰጠውም።

የሚለየው በደም ምርመራ ወይም በራስ ቅል ፎቶ አይደለም። ሐኪሙ ካንቺ፣ ከመምህርቷና ከልጁ ይሰማል። 9 የትኩረት ማነስ ምልክቶች አሉ፣ 9 ደግሞ የመቅበጥበጥና የመቸኮል። በልጅ ላይ ከአንደኛው ወገን ቢያንስ 6 መገኘት አለባቸው፤ 6 ወር የቆዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ፣ ኑሮውን የሚጎዱ። ስለዚህ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ጽሑፍሽን አንብበን «አለበት» ልንልሽ አንችልም። መስማቱና ማየቱም ይታይ። ለሰከንዶች ፍዝዝ ብሎ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ አንዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪ። ማታ የሚያንኮራፋ፣ እንቅልፍ የማይጠግብ ልጅም ቀን ይቅበጠበጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሴት ልጆች ብዙ ጊዜ አይረብሹም። ዝም ብለው ሐሳባቸው ይሄዳል፤ ስለዚህ ማንም ሳያያቸው ይቀራሉ። ሴት ልጅ ያላችሁ ልብ በሉ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ሪታሊን የሚባለው እሱ ነው። አያስተኛም። ትኩረቱን የሚይዘውን ክፍል ያነቃቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ልጁ ከደነዘዘ ብዙ ጊዜ መጠኑ በዝቷል ማለት ነውና ተመልሶ ይስተካከላል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ቁርስ በልቶ ይወስዳል፣ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል። በቤተሰብ የልብ በሽታ ካለ ቀድመሽ ተናገሪ። አቶሞክሲቲን የሚባል ሌላ አለ፣ እሱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። ከ6 ዓመት በታች ላሉ ግን መጀመሪያ የሚመከረው የወላጅ ሥልጠና ነው። ከመጀመርሽ በፊት መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንደሚገኝ ጠይቂ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በቅርብሽ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ።

መልስ (መምህር፣ ሂርማታ)

ልጄ፣ ረጅም ዘመን አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለው ልጅ ከኋላ፣ መስኮት ሥር ሲቀመጥ ቀኑ ሁሉ ያልቃል። ፊት እንዲቀመጥ መምህርቱን ለምኚያት። ሰሌዳ ይጥረግ፣ ደብተር ይሰብስብ፤ ተነስቶ ከተቀመጠ በኋላ ይሻለዋል። ሌላው፣ በቤት የሚያወራውና የሚማርበት ቋንቋ አንድ ነው? እዚህ ከተማችን አማርኛ ሲያወራ አድጎ በአፋን ኦሮሞ የሚማር አለ፣ በተቃራኒውም አለ። ትምህርቱ ያልገባው ልጅም መስኮት ያያል። ያ ግን ሱቅ ድረስ አይከተለውም።

መልስ (የ29 ዓመት ወጣት)

እኔ ኤዲኤችዲ እንዳለብኝ የታወቀው ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እስከዚያ «ሰነፍ» ነበር ስሜ፣ እኔም አምኜው ነበር። እናቴ ጠዋት «ፊትህን ታጠብ፣ ልበስ፣ ቦርሳህን ያዝ» ትለኛለች፤ እኔ የምሰማው «ታጠብ» የሚለውን ብቻ ነው። እባክሽ ቀርበሽ፣ ትከሻውን ነክተሽ፣ ዓይኑን እያየሽ አንድ ነገር ብቻ እዘዢው። ሲጨርስ እዚያው አመስግኚው። «ማታ እሸልምሃለሁ» ለእኛ በጣም ሩቅ ነው። የቤት ሥራውን 10 ደቂቃ ይሥራ፣ ተነስቶ ይሩጥ፣ ይመለስ።

የናቲ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ቋንቋው አንድ ነው፤ ቤትም ትምህርት ቤትም አማርኛ ነው። ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «እኔን ነው የጻፉት» አለኝ። 6ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው በዱላ ተማርሮ እንደሆነ ዛሬ ገና ነው የነገረኝ። ሰኞ አብሮኝ ሊሄድ ነው። አማቴ ግን መጀመሪያ ጸበል ይላሉ። ምን ልበላቸው?

የአእምሮ ጤና ነርስ

ጸበሉንም ይጠመቅ፣ የሰኞው ቀጠሮ ግን አይቅር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ባለቤትሽ የነገረሽን ለሐኪሙም ይንገር፣ ለምርመራው በጣም ይጠቅማል። ከመምህርቷ ሁለት ሦስት መስመር አጽፊ። ያንን ደብተርም ይዘሽ ሂጂ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ የሚወላገደውን።