ለልዩ ፍላጎት ልጆቼ ብዬ ማስተርስ ልማር አስቤ መሃል ላይ ቀረሁ፣ አማክሩኝ

እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ መስማት የተሳናቸው፣ ዓይነ ስውራንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አንድ ላይ ይማራሉ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ግን በአማርኛ ነው። የምልክት ቋንቋ በአጭር ስልጠና ለመድሁ። ዓይነ ስውራን በጣት ዳስሰው በሚያነቡት ጽሑፍ፣ በብሬል ላይ፣ ስድስቱን ነጥቦች ከማወቅ ብዙም አላለፍኩም። ባለፈው አንዱ ልጅ በብሬል የጻፈውን ይዞ መጥቶ "ቲቸር፣ ልክ ነው?" አለኝ። ማንበብ አቅቶኝ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፌያለሁ። መሥሪያ ቤቴ ግን "ተተኪ የለም" ብሎ የስፖንሰር ደብዳቤ ከለከለኝ። ተተኪ አለመኖሩ እውነት ነው። ጥያቸው ብሄድ ማን ይይዛቸዋል?

ሥራ ሳይለቅ በክረምት የተማረ አለ? የመጀመሪያ ዲግሪው ሌላ ሆኖ የገባስ? ምን ማሟያ ኮርስ ጠየቋችሁ? እስከዚያው ብሬልን ራሴን በራሴ እንዴት ላስተምር? ብሬል በእጅ የሚጻፍበት ሰሌዳና መውጊያ (ስሌትና ስታይለስ) አለኝ። "አብሽሪ" ማለታችሁም ያበረታኛል፣ ግን በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ያናግረኝ።